አሥረኛውን መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት፦ ለአረጋውያን የሚታዘዙ መድኃኒቶችን ማን ነው አንድ ላይ የሚያያቸው?

ታላቅ እህት፦

እናቴ 79 ዓመቷ ነው። ዛሬ ከቀጠሮዋ ስንመለስ አሥረኛውን መድኃኒት ይዘን ገባን፤ ለመርሳት የታዘዘ ዶኔፔዚል ነው። ማታ የመጀመሪያውን ፍሬ ከመስጠቴ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ የተጀመረበትን ጊዜ እያስታወስኩ በቅደም ተከተል ደረደርኩት። የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት የምትወስደው አምሎዲፒን ብቻ ነበር፣ ለደም ግፊት፣ በቀን 5 ሚሊ ግራም። ጉልበቷን ሲያማት ዳይክሎፌናክ ተጀመረላት። እሱ ጨጓራዋን እንዳይጎዳው ኦሜፕራዞል ተጨመረ። በዓመቱ ግፊቷ ከፍ አለና አምሎዲፒኑ ወደ 10 አደገ፤ ኢናላፕሪልም ተከተለ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ማታ ካልሲዋን ሳወልቅላት የጠርዙ ምልክት ዙሪያውን ጎድጉዶ ይቀራል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ለእብጠቱ ፉሮሴማይድ ታዘዘ። ፉሮሴማይዱ ወደ መጸዳጃ ቤት ያመላልሳት ጀመር፤ አንዳንዴ ሳትደርስ ያመልጣታል። ይህን ለእኔ ለልጇ ለመናገር እንኳ ስድስት ወር ፈጅቶባታል። ለሽንቱ ኦክሲቡቲኒን ተሰጣት። እንቅልፍ አጣሁ ስትል አሚትሪፕቲሊን። የልብም ሆነ የአንጎል ደም ሥር ሕመም ኖሯት ባያውቅም፣ ለጥንቃቄ ተብሎ አስፕሪን። ሆዷ ሲደርቅ ደግሞ ማለስለሻ።

ባለፉት ስምንት ወራት እናቴ ሌላ ሰው ሆናብኛለች። የጀመረችውን ንግግር መሐል ላይ ትተወዋለች። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ይጣበቃል። ባለፈው ሳምንት የታናሽ ወንድሜ ስም ጠፍቶባት ፊቱን እያየች አለቀሰች።

ያዘዙላትን ሐኪሞች አንዱንም መውቀስ አልችልም። እያንዳንዳቸው በዚያ ቀን ላዩት ችግር መልስ ሰጥተዋል። አሥሩን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን የለም። ይህን እንዲያይልኝ የምጠይቀው ማንን ነው? ዶኔፔዚሉንስ ልጀምርላት?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

እህቴ፣ እናትዎን ሳላይ ይጀምሩ ወይም ያቁሙ ልልዎት አልችልም። ዶኔፔዚል ግን በዚህች ሌሊት ካልተጀመረ የሚባል መድኃኒት አይደለም። ላዘዙት ሐኪም የጻፉትን ይህንኑ ቅደም ተከተል አሳይተው ቢጠይቁ ጥቂት ቀን መዘግየቱ አይጎዳም።

የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት። መድኃኒት መድኃኒትን የሚጎትትበት ሰንሰለት ነው። ፓውላ ሮቾን እና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስም ሰጥተው ጽፈውበታል፦ የአንዱ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ይታይና ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

የእናትዎን ሰንሰለት ልከተለው። ዳይክሎፌናክ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ግፊታቸው የጨመረው ከጉልበቱ መድኃኒት የተነሣ ሊሆን ይችላል። አምሎዲፒን መጠኑ ሲያድግ ቁርጭምጭሚት የሚያሳብጠው ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሲሰፉ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ስለሚሰርግ ነው። በሰውነት ውስጥ ውኃ ተርፎ አይደለምና ፉሮሴማይድ ለዚህ እብጠት ብዙም አይረዳም፤ ፊኛን ግን ያጣድፋል። ኦክሲቡቲኒን ፊኛን የሚያረጋጋው አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ በመከልከል ነው። ይኸው መልእክተኛ ለማስታወስ ችሎታም ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊንም ያንኑ ይከለክላል። የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ መደናገር፦ ሦስቱም የዚህ ክልከላ ምልክቶች ናቸው።

አሁን የታዘዘው ዶኔፔዚል ሥራው አሴቲልኮሊንን ማብዛት ነው። ከኦክሲቡቲኒን ጋር ሲሰጥ አንዱ የሚገነባውን ሌላው ያፈርሰዋል። ይህ ማለት እናትዎ የመርሳት በሽታ የለባቸውም ማለት አይደለም። በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ላይ እያሉ ግን ለይቶ ማወቅ ይቸግራል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ኢናላፕሪል፣ ፉሮሴማይድ እና ዳይክሎፌናክ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚያስገባውን የደም ሥር ያጠብባል፣ ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያሰፋል፣ ፉሮሴማይድ ፈሳሹን ይቀንሳል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት በሦስት በኩል ይወርዳል። በዚህ ላይ የአንድ ቀን ተቅማጥ ቢመጣ ኩላሊት ሊደክም ይችላል። በደማቸው ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) እና ፖታሺየም በዚህ ሳምንት ይለካላቸው። ውጤቱ “ደኅና ነው” ቢባልም የኩላሊት የማጣራት አቅም ከዕድሜያቸውና ከክብደታቸው ጋር ተሰልቶ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ክሬያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው፤ የከሱ አዛውንት ቁጥራቸው ጤነኛ መስሎ ኩላሊታቸው በግማሽ አቅም ሊሠራ ይችላል።

አንድ ላይ የሚያይልኝ ማን ነው ላሉት፦ በአንድ ሐኪም ስም የተመዘገበ ቋሚ ክትትል ካላቸው እሱን። ከሌላቸው የውስጥ ደዌ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ይምረጡና “ለመድኃኒት ግምገማ ብቻ ነው የመጣነው” ብለው ቀጠሮ ያስይዙ። አዲስ ሕመም ይዘው ከሄዱ ጊዜው በአዲሱ ሕመም ያልቃል።

አንድ ልጅ፦

ሐኪሙ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን በሌላ በኩል የደረሰብኝን ልናገር። አባቴ ብዙ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ እኔም እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቤ “ይህ ሁሉ መርዝ ነው” አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ በአንድ ቀን ሁሉንም ተዉት። ከተዉት መካከል ለልባቸው የሚወስዱት አቴኖሎል ነበረበት። በአምስተኛው ቀን ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ድንገተኛ ክፍል የተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ “መድኃኒት ያቆመው ማን ነው?” የሚል ነበር። አባቴ ወደ እኔ አላዩም፤ “እኔ ነኝ” አሉ።

ተርፈዋል። እኔ ግን ያቺን “እኔ ነኝ” ዛሬም አልረሳኋትም። እባካችሁ፣ ማንም ሰው ይህን አንብቦ በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ።

ፋርማሲስቷ፦

ከላይ የተጻፈው በትልቁ ሊነበብ ይገባዋል። አቴኖሎልና መሰሎቹ፣ ዳያዜፓምና የእንቅልፍ መድኃኒቶች፣ የድብርት መድኃኒቶች፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፦ እነዚህ ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት አይቆሙም። መድኃኒት መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው፤ መጠን አለው፣ የጊዜ ሠሌዳ አለው፣ ክትትልም ይፈልጋል።

ስለ መመዘኛዎቹ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ሐኪምን ሲጠይቅ በባዶ እጁ ይሄዳል። ማርክ ቢርስ የተባሉ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ለአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። የቢርስ መመዘኛ የሚባለው ይኸው ነው፤ በአሁኑ ጊዜ የሚያድሰው የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሷል። በአየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ስቶፕ እና ስታርት የተባሉ ጥንድ መመዘኛዎች ወጡ። የመጀመሪያው ሊቆም የሚገባውን ይዘረዝራል። ሁለተኛው አረጋዊው ሊያገኝ ሲገባው የተነፈገውን ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ሦስተኛው ዕትም 133 የማቆሚያ እና 57 የመጀመሪያ መመዘኛዎች አሉ።

ሁለተኛውን ዝርዝር ሰው ይረሳዋል። የልብ ምቱ የተዛባ የ85 ዓመት አዛውንት “አርጅተዋል” ተብሎ ደም ማቅጠኛ ቢነፈጉና የአንጎል ደም ሥር ቢዘጋባቸው፣ ይህም ያልተገባ አስተዛዘዝ ነው። ዓላማችን የክኒን ቁጥር መቀነስ ብቻ ከሆነ እናጠፋለን። አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ሆኖም ሰባት የሚገቡ መድኃኒቶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሁለት የማይገቡም እንዲሁ።

ወደ እህታችን ልመለስ። አስፕሪንን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አረጋውያንን ያካተተ ጥናት አለ። የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ላልነበረባቸው አረጋውያን በየቀኑ አስፕሪን መውሰድ ጥቅም ሳይታይበት የመድማት አደጋን ጨምሯል። ስለዚህ “ለጥንቃቄ” የሚለው ምክንያት እንደገና ሊጠየቅ ይገባዋል።

በቅደም ተከተሉም ተጠንቀቁ። ዳይክሎፌናክና አስፕሪን እየተወሰዱ ኦሜፕራዞልን ቀድሞ ማንሳት ጨጓራን ለመድማት ማጋለጥ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱ ይነሣል፣ መከላከያው በኋላ።

ወደ ግምገማው ስትሄዱ ስም ዝርዝር ጽፋችሁ ብቻ አትሂዱ። ሁሉንም በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፦ ከጎረቤት የተገኘውን፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን የጉንፋን መድኃኒት፣ የዓይን ጠብታውን፣ ባህላዊ መድኃኒትም ካለ እሱን። እንዲህ ካለ ከረጢት ውስጥ ስማቸው የተለያየ፣ ውስጣቸው አንድ የሆነ ሁለት ማሸጊያዎች በገዛ እጄ አውጥቼ አውቃለሁ። እኚያ እናት ለሁለት ወር እጥፍ ወስደዋል።

ጡረተኛው መምህር፦

እዚህ ሁላችሁም ስለ አረጋውያን ትነጋገራላችሁ፤ እኔ 81 ዓመቴ ነው፣ መድኃኒቱን የምውጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ በእኔ በኩል ያለውን ስሙ።

ዳያዜፓም 14 ዓመት ወስጃለሁ። የጀመርኩት ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን ነው፤ ለሁለት ሳምንት ተብሎ። ማንም አቁም አላለኝም፤ ማዘዣው ሲያልቅ ይታደሳል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በሁለተኛው የእጄ አንጓ ተሰብሮ፣ ጠመኔ የሚይዝ እጅ እንዳልነበረኝ ሆነ።

አንዲት ሐኪም “ይህን መድኃኒት ለምን እንደሚወስዱት ያስታውሳሉ?” ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ስሞክር ዝም አልኩ። የጀመርኩት ስለ ሐዘን ነበር። ሐዘኑ አለ፤ ግን ዳያዜፓሙ ለእሱ ምንም እንደማያደርግ ያን ጊዜ ገባኝ።

የቀነስንበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፍሬውን በምላጭ ግማሽ አድርጌ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቀን ግማሽ፤ ይህ ሦስት ሳምንት ቆየ። ቀጥሎ በየቀኑ ግማሽ። ከዚያ ሩብ። ሩቡ ከጣት የሚያመልጥ ፍርፋሪ ስለሆነ ነጭ ሰሐን ላይ ነበር የምቆርጠው። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ አጣሁ፣ ተቆጣሁ፣ ልተወውም አሰብኩ። ሐኪሟ አልገሠጸችኝም፤ “እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት እንቁም፣ ወደ ኋላ ግን አንመለስ” አለች። በአምስት ወር ጨረስኩ። አሁን ሌሊት አንድ ጊዜ እነቃለሁ። ስነሣ ግን ወለሉ አይዞርብኝም።

ለልጆች የምለው፦ እናንተና ሐኪሙ በራሳችን ላይ አትወስኑብን። ቀድማችሁ ጠይቁን። እኔ ከዕድሜ መርዘም ይልቅ በእግሬ መራመድን እመርጣለሁ፤ ሌላው ሌላ ሊመርጥ ይችላል።

ፋርማሲስቷ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉት በጥናትም ታይቷል። በካናዳ ኩቤክ ለ303 አረጋውያን ስለሚወስዱት የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ጉዳት የሚያስረዳና የመቀነሻ ሠሌዳ ያለው ትንሽ መጽሔት ለአንዱ ወገን ተሰጠ፤ ሌላው ወገን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ከስድስት ወር በኋላ መጽሔቱ ከደረሳቸው 27 በመቶው አቁመው ነበር፤ ከሌሎቹ 5 በመቶ ብቻ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በተከታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት፣ ፋርማሲስቱ ለታካሚው መጽሔቱን፣ ለሐኪሙ ደግሞ የጽሑፍ አስተያየት ላከ፤ 43 በመቶው ያልተገባውን መድኃኒት አቆሙ፣ በሌላው ወገን 12 በመቶ። አረጋዊው ራሱ ሲያውቅ ነገሩ ይለወጣል።

ወጣቱ ሐኪም፦

ከሌላኛው ወንበር ልናገር። ሐኪም መድኃኒት የማያቆመው ግድ ስለሌለው አይደለም። የልብ ስፔሻሊስት ያዘዘውን እኔ ጠቅላላ ሐኪሙ ባቆምና በሳምንቱ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ተጠያቂው ያቆመው ነው። ሳላቆም ቀርቼ አዛውንቷ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ግን “ዕድሜ ነው” ይባላል፤ ማንም የእኔን ማዘዣ አይጠይቅም። ይህ ሚዛን ካልተስተካከለ ዝርዝር ብቻውን አያድነንም።

መመሪያዎቻችንም ለአንድ በሽታ ተብለው የተጻፉ ናቸው። የግፊቱ መመሪያ ስለ ግፊት፣ የስኳሩ ስለ ስኳር። አምስት በሽታ ያለባቸው የ80 ዓመት ሰው ላይ አምስቱን መመሪያ ብፈጽም ሁሉንም ታዝዤ እሳቸውን እጎዳለሁ። መድኃኒቶቹ የተፈተኑባቸው ጥናቶችም እንዲህ ያሉ አረጋውያንን ብዙ ጊዜ አያካትቱም።

ሐቁን ለመናገር የመድኃኒት ግምገማ ውጤቱም ሁልጊዜ የሚያኮራ አይደለም። በአራት የአውሮፓ አገሮች 2,008 ሆስፒታል የተኙ፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ያልተገቡ ማዘዣዎች ቀንሰዋል፤ በመድኃኒት ምክንያት ወደ ሆስፒታል መመለስ ግን በግልጽ አልቀነሰም። ለእኔ ይህ የሚነግረኝ ሰው ሆስፒታል በተኛባቸው ጥቂት ቀናት የሚደረግ ግምገማ እንደማይበቃ ነው። ከወጣ በኋላ የሚከታተለው ሰው ከሌለ፣ የተነሣው መድኃኒት በሚቀጥለው ቀጠሮ ተመልሶ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ጉዳትን ለመቀነስ ባወጣው ጥሪ ትኩረት ከሰጣቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ታካሚ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚፈጠረው ክፍተት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ በራሴ የጀመርኩት አንድ ነገር አለ። ለአረጋዊ መድኃኒት ሳዝ ከስሙ ጎን “ለምን” እና “እስከ መቼ” ብዬ እጽፋለሁ። “እስከ መቼ” የሚለውን መሙላት ካቃተኝ ደግሜ አስባለሁ።

የሌሊት ነርስ፦

አንድ ነገር ብቻ። ግፊት ሲለካ ተቀምጠው ብቻ አይሁን። ተኝተው ይለኩ፣ ከዚያ ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይደገም። ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ ቤተሰቡም ሐኪሙም ይወቀው። ሌሊት የሚወድቁት አብዛኞቹ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ነው፤ የእህታችን እናት ደግሞ ግፊት የሚያወርዱ አራት መድኃኒቶች ይወስዳሉ፣ አሚትሪፕቲሊኑን ጨምሮ። ፉሮሴማይድ ከቀረላቸው እሰየው፤ እስከዚያው ጠዋት ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ አይስጡ።

ታላቅ እህት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያስቸገረኝ ሐኪሙን ሳላስቀይም እንዴት እንደምጀምር ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

“ይህ ስህተት ነው” አይበሉ። “እናቴ ከስምንት ወር ወዲህ ተለውጣለች፤ ከመድኃኒቶቿ አንዱ ይህን ያመጣ ይሆን?” ብለው ይጠይቁ። እንዲህ ሲጠየቅ የማያስብ ሐኪም ጥቂት ነው። ደግሞም በአንድ ቀን ሁሉም ይነሣ አይበሉ፤ አንድ በአንድ ካልሆነ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም።

ታላቅ እህት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦

ተመልሻለሁ። ከረጢቱን ይዘን ሄድን። ሐኪሙ አንዱን በአንዱ እያነሣ ለእናቴ “ይህ ለምንድን ነው?” እያለ ጠየቃት፤ ከአሥሩ የሦስቱን ብቻ ነገረችው። እኔም ከአምስት አላለፍኩም።

ዶኔፔዚሉ አልተጀመረም። ዳይክሎፌናክ በዚያው ቀን ቆመ፤ በምትኩ ፓራሲታሞልና የጉልበት እንቅስቃሴ ታዘዘላት። የኩላሊቷ አቅም ቀንሶ ስለተገኘ ምርመራው እንዲደገም ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ግፊቷ ወረደ፣ አምሎዲፒኑም ወደ 5 ተመለሰ። እብጠቱ ሲጎድል ፉሮሴማይድ ቀረ፤ እሱን ተከትሎ ኦክሲቡቲኒን። አስፕሪኑም ቆሟል። አሚትሪፕቲሊን ግማሽ ላይ ነን።

ሁሉም አልተስተካከለም። ጉልበቷ ከበፊቱ ይልቅ ያማታል፤ ደረጃ ስትወርድ እየሰማሁ ልቤ ይቆረጣል። ሽንቷም አልፎ አልፎ ይቸኩልባታል። ትናንት ግን ታናሽ ወንድሜ ገና ከበሩ ሳይገባ ድምፁን ሰምታ በስሙ ጠራችው። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦሜፕራዞሉን ካቆምን ስምንተኛ ቀኗ ነው፤ ደረቷን ያቃጥላታል። ልመልሰው?

ፋርማሲስቷ፦

ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ለዓመታት የታፈነው አሲድ መድኃኒቱ ሲነሣ ከቀድሞው በልጦ ይመጣና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን ቀንሶ ቀስ ብሎ ማቆም ወይም ሲያቃጥላት ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ ሊሰጣት ይችላል። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

ታላቅ እህት፦

አልጠቆረም፤ ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ። ነገ እደውልለታለሁ። ሁለተኛው የኩላሊት ምርመራ ውጤት ማክሰኞ ይደርሳል፤ ያኔ ቁጥሩን ከበፊቱ ጋር አድርጌ እዚሁ እጽፈዋለሁ።